ሬኮ እንግዳ ስትቀበል፤ ስለ እንሰትና ስለ ቡና አትክልት የተነገረ ንግግር



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሞያሌ የሚወርደው ታላቅ መንገድ ሐዋሳን ካለፈ በኋላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ዲላ ይደርሳል። ከዲላም ወዲያ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን እያለፈ ወደ ደቡብ ሲገሠግሥ፥ በመኪና ተቀምጦ በመስኮት የሚመለከት መንገደኛ በግራም በቀኝም የሚታየው ሁሉ ዱር ይመስለዋል። አገሩን የማያውቅ ሰው እንደ ሆነ «ይህ ሁሉ ሕዝብ በየት አርሶ ይበላል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እርሻው ግን ያው ዱር የመሰለው ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፥ ብሳናና ሌላውም ታላላቅ ዛፍ ጥላውን ይዘረጋል፤ ከዛፉ በታች እንሰት ሰፊ ቅጠሉን አንሥቶ ይቆማል፤ ከእንሰቱ በታች ቡና፥ ከቡናውም በታች ጎደሬና ጎመን ይበቅላል። ዛፉ ቅጠሉን እያረገፈ መሬቱን ያለማል፤ እንሰቱ ውሃውን ይዞ ያቆያል፤ ቡናው ከፀሐይ ይጠለላል። በሬና ሞፈር ለዚህ ዓይነት ቁልቁለት አይሆንም፤ ቢታረስ ኖሮ አፈሩ በጥቂት ክረምት ታጥቦ ወደ ስምጥ ሸለቆ በወረደ ነበር።

በዚህ ምድር ላይ የሚኖረው ሕዝብ በኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖረው ሕዝብ አንዱ ነው። መሬቱ እንዲህ ጠቦ ሳለ ሕዝቡ ዛፉን ሳይጨርስ መኖሩ ሊቃውንትን ሲያስደንቅ ኖሯል። ታደሰ ኪጴ ካንሼ የተባሉ ሊቅ በኔዘርላንድ አገር በዋኅኒንገን ዩኒቨርስቲ በአውሮጳ አቆጣጠር በ2002 ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ስለዚሁ ስለ ጌዴኦ የመሬት አያያዝ የተጻፈ ነው። ከዚያም በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በሪያድ ከተማ የተሰበሰበው የዓለም ቅርስ ጉባኤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በመዝገቡ ላይ ጻፈው። የኮንሶ እርከን አስቀድሞ በ2003 ዓ.ም. ተጽፎ ነበርና፥ እርሻው ራሱ ለቅርስነት ሲበቃ በኢትዮጵያ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በጌዴኦ መዝገብ ላይ ሦስት ነገር በአንድነት ተጠቅሷል፤ እርሱም ከዛፍ ጋራ የተስማማው እርሻ፥ ሽማግሎች የሚጠብቁት የተቀደሰ ደን፥ በተራራው ጀርባ ላይ የቆሙትም የጥንት ትክል ድንጋዮች ናቸው። ሌላው አገር ቅርሱን በአጥር ከልሎ፥ በመስተዋት ሸፍኖ፥ ዘበኛ አቁሞ ያስጠብቃል፤ የጌዴኦ ሰው ግን ቅርሱን ዕለት ዕለት ይበላዋል፤ እየበላውም አላለቀበትም።

ሬኮ ከዚሁ ከጌዴኦ ተራራማ ስፍራ አንዷ ናት። ስሟን ባሕር አሻግሮ ያደረሰው ቡና ነው። በሬኮ ስም የተጠራ ቡና በአሜሪካና በአውሮጳ ይሸጣል፤ ነጋዴዎቹም ስሙ «ፈተና» ማለት ነው፥ ይህም ተራራውን መውጣት አድካሚ ስለ ሆነ ነው ብለው ለገዢው ይተርኩለታል። ቡናውን በሩቅ አገር ሆኖ የሚጠጣ ሰው የመንደሩን ስም በከረጢቱ ላይ ያነብባል፤ ቡናውን የለቀመችውን እጅ ግን አያውቅም። ከእነዚህ ጠጪዎች ጥቂቱ ዛፉን በዓይናቸው ለማየት መመኘታቸው የታወቀ ነገር ነው። እንግዲህ ጥያቄው እንግዳው ይመጣ ይሆን የሚል አይደለም። ይርጋ ጨፌ ድረስ የመጣ እንግዳ ወደ ሬኮ የማይወጣበት ምክንያት የለም። የሚያስጨንቀው ጥያቄ እንግዳው በመጣ ጊዜ አትክልቱ የማን ሆኖ ይቆያል የሚለው ነው።

አንዳንዱ ሰው ነገሩን በችኮላ ያየውና «እንግዳ ገንዘብ ያመጣል፤ ስለዚህ እንሰቱን ነቅለን ማረፊያ ቤት እንሥራ፥ አበባም እንትከል» ይላል። ሌላው ደግሞ ፈርቶ «እንግዳ ልጆቻችንን ያበላሻል፤ በሩን እንዝጋ» ይላል። ሁለቱም እውነት ጨብጠዋል፥ ሁለቱም ግን እኩሌታውን ብቻ ነው የያዙት። አበባ ለማየት ወደ ሬኮ የሚመጣ እንግዳ የለም፤ በአገሩ ከዚህ የበለጠ የአበባ ስፍራ አለውና። እርሱ የሚመጣው ሰዎች የሚበሉትን ሲተክሉ፥ የተከሉትንም ሲበሉ ለማየት ነው። ስለዚህ የምግብ አትክልትነቱ በቀረ ቀን የሚጎበኘውም ነገር ያን ዕለት ይቀራል።

ይህን ነገር የኢጣሊያ ሰዎች አስቀድመው አስተውለውታል። በዚያ አገር ገበሬው በእርሻው ላይ እንግዳ እያሳደረ ገንዘብ ማግኘት በጀመረ ጊዜ፥ ብዙ ሰው እርሻውን ትቶ የእንግዳ ቤት ጠባቂ ብቻ እንዳይሆን ተፈራ። ስለዚህም በአውሮጳ አቆጣጠር በ1985 በቁጥር 730 የወጣው ሕግ፥ እንግዳ መቀበል የእርሻ ሥራ ተከታይ እንጂ የበላዩ እንዳይሆን ደነገገ። በ2006 ሌላ ሕግ ቢተካውም መሠረቱ አልተለወጠም። ቅርብ ካለ ጎረቤትም ትምህርት ይገኛል። በታንዛንያ፥ በኪሊማንጃሮ ተራራ ወገብ ላይ የሚኖሩት የቻጋ ሰዎች እንደ ጌዴኦ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና ይተክላሉ፤ በእንሰት ፈንታ ሙዝ አላቸው። እንግዳ ሲመጣባቸው ከጓሮአቸው ቡና ለቅመው፥ ወቅጠውና ቆልተው ያጠጡታል። ከውጭ ያመጡት ጌጥ የለም።

በአገራችንም የዶርዜ መንደር ለዚህ ምስክር ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ በጉጌ ተራራ ላይ ያሉት የዶርዜ ሰዎች እንሰት ሲፋቅና ቆጮ ሲጋገር ለእንግዳ ያሳያሉ፤ ትኩሱን ቆጮም ከማርና ከሚጥሚጣ ጋራ ያቀርባሉ። ይህ ለእንግዳ ተብሎ የተፈጠረ ምግብ አይደለም፤ የቤቱ ምሳ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከመልካም የጉብኝት መንደሮች አንዷ ብሎ ወንጪን፥ በሚቀጥለውም ዓመት የጮቄ ተራራን መንደር መምረጡ፥ የገጠር ኑሮ ራሱ ለጉብኝት እንደሚበቃ ያስረዳል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ከሁሉም አስቀድሞ ስለ እንሰት መናገር ይገባል፤ በሬኮ አትክልት ውስጥ እንግዳው ከቶ የማያውቀው እርሱ ነውና። ቡናን ሁሉም ጠጥቶታል። እንሰትን ግን ከኢትዮጵያ በቀር እንደዚህ ተክሎ፥ ቀብሮና አብኩቶ የሚበላ ሕዝብ የለም። እንግዳው በመጀመሪያ ሲያየው ሙዝ ይመስለዋል፤ ፍሬውንም ይፈልጋል። ያን ጊዜ አስጎብኚው የሚነግረው ብዙ አለው። የእንሰት ምግቡ ፍሬው አይደለም፤ ግንድ የሚመስለው የቅጠሉ እግርና ከመሬት በታች ያለው አምቾው ነው። ዘሩ የሚባዛውም በፍሬ አይደለም። ያልደረሰ እንሰት ከሥሩ ተቆርጦ ልቡ ከተወጋ በኋላ አፈር ሲለብስ፥ ከአንዱ አምቾ ብዙ ቡቃያ ይወጣል፤ ይህም ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዛወረ ይተከላል። ለመፋቅ እስኪደርስ ድረስ እንደ ደጋውና እንደ ወይና ደጋው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል። ድርቅ በመጣ ጊዜ በቆሎው ሲደርቅ እንሰቱ ይቆማል፤ በጎተራ ያልገባ እህል፥ ነቀዝም የማይበላው ነው። ለዚህም ነው በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በእርሱ የሚተማመነው።

የሚፋቀውን ግን ማየት ከመስማት ይበልጣል። ሴቲቱ የቅጠሉን እግር በተዘነበለ ሳንቃ ላይ ታጋድመዋለች፤ በእግርዋ ይዛ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ለስላሳው ይወርዳል፤ ቃጫው ለብቻው ይቀራል፤ እርሱም ገመድ ይሆናል። አምቾው በጥርሳም እንጨት ይከተከታል። ከዚያ ሁሉ የሚጨመቀው ውሃ ሲረጋ ነጩ ቡላ ከታች ይቀራል። የቀረውም በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ፥ ድንጋይ ተጭኖበት፥ ሳምንታትና ወራት እየቆየ ይቦካል፤ ብዙ የቆየው ይበልጥ ይጣፍጣል ይባላል። እዚህ ላይ አስተዋይ ሽማግሌ አንድ ነገር ሊመለከት ይገባዋል። ሥራው ሁሉ የሴት ነው፤ ወንዱ ተክሎ ይኮተኩታል፥ ምግብ የሚያደርገው ግን የሴቲቱ ክንድ ነው። እንግዳውም ገንዘቡን የሚከፍለው ይህን አይቶ ነው። እንግዲህ ገንዘቡ በወንዶች እጅ ገብቶ ቢቀር፥ የፋቀችው ሴት ሁለተኛ በሚመጣው እንግዳ ፊት ለመፋቅ ስለ ምን ትነሣለች? ለሬኮ የሚስማማው ገንዘቡ በሦስት ቢከፈል ነው፤ አንዱ እጅ አትክልቱን ላሳየው ቤት፥ አንዱ እጅ ለፋቁትና ለጋገሩት ሴቶች በገዛ እጃቸው፥ አንዱም እጅ ለመንደሩ ሣጥን፤ ከሣጥኑም ለምንጭ ማጎልበቻና ለትምህርት ቤት ይወጣል። ሒሳቡን መምህሩ በመዝገብ ይጻፍ፤ በየወሩም ሽማግሎች በሚሰበሰቡበት በሶንጎ፥ ማንበብ የማይችለውም እንዲሰማ፥ ጮክ ተብሎ ይነበብ። በየአገሩ የዚህ ዓይነት ሥራ የሚፈርሰው እንግዳ በማጣት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ «ገንዘቡ የት ገባ» በሚል ሐሜት ነው።

ከሐሜት የሚከፋ ሌላ አደጋ አለ፥ ብዙ ሰውም አያስበውም። እንሰትን የሚያጠወልግ በሽታ አለ። በመጀመሪያ መካከለኛው ቅጠል ይደክማል፥ ቢጫ ይሆናል፤ ቢቆረጥ እንደ መግል ያለ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ በመጨረሻም ተክሉ በሙሉ ይሞታል። መድኃኒት አልተገኘለትም። ከአንዱ አትክልት ወደ ሌላው የሚሻገረው ይልቁንም በቢላዋና በገጀራ፥ በታመመ ችግኝና በቅጠል ነው። እንግዲህ እንግዳ ከአንድ ጓሮ ወደ ሌላ ጓሮ ሲዘዋወር «እኔም ልቁረጥ፥ እኔም ልፋቅ» ማለት ይወድዳል፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን አንዱ ቤት የሠራበት ቢላዋ ወደ ሌላው ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ በእሳት ካልተለበለበ፥ አንድ ቀን የተገኘው ገንዘብ የሰባት ዓመት ምግብ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ በየጓሮው የራሱ መፋቂያና የራሱ ቢላዋ ይኑር፤ እንግዳው የተቆረጠ ቅጠልም ሆነ ችግኝ ይዞ አይሂድ፤ የታመመ እንሰት የታየበት ጓሮ ያን ወራት እንግዳ አይቀበል። የታመመውም ተነቅሎ ርቆ ይቀበር። ይህ ሕግ በሰሌዳ ተጽፎ በመግቢያው ቢሰቀል አያሳፍርም፤ እንግዲህ ያለ ጥንቃቄ እንግዳውን ራሱን ያስደስተዋል።

የእንግዳውንም ቁጥር መወሰን ያስፈልጋል። በሰሜን ወሎ በመቄት ወረዳ በ1990ዎቹ ውስጥ የተጀመረው «ተስፋ» የተባለው የማኅበረሰብ ጉብኝት ጥቂት ጥቂት እንግዳ ብቻ እየተቀበለ፥ ጓዙን በአህያ እያስጫነ፥ ገበሬዎቹ በሠሩት ጎጆ ያሳድር ነበር። ጎጆው የመንደሩ ነበር እንጂ የአንድ ባለ ጠጋ አልነበረም። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን መንገድ ሁሉ በዘጋ ጊዜ፥ ኋላም ጦርነት ወደ ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ፥ እንግዳው ቀረ። የመቄት ሰው በዚያን ጊዜ ገብሱና በጉ ባይኖረው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ጌዴኦም ከዚህ ዓይነት ነገር አላመለጠም፤ በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ጠብ ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር። በእንግዳ ገንዘብ ላይ ብቻ የቆመ ቤት በእንዲህ ያለ ቀን በመጀመሪያ የሚወድቅ ነው። በጓሮው እንሰት ያለው ግን ሲመለስ የሚበላው ያገኛል። ስለዚህ ከእርሻው አንድ ክንድ እንኳ ለእንግዳ ብሎ መንቀል አይገባም። ማረፊያ ቤት ማስፈለጉ አይቀርም፤ ነገር ግን ዲላና ይርጋ ጨፌ አልጋ ስላላቸው፥ እንግዳው በዚያ አድሮ ቀን ወደ ሬኮ ቢወጣ ለጊዜው ይበቃል።

መንገድን በሚመለከት ረገድ ብዙ ማውጣት አያስፈልግም። እንግዳው የሚሄድበት አንድ የእግር መንገድ ይለይ፤ ከእርሱ ውጭ አይሂድ። በዝናብ ወራት ቁልቁለቱ ስለሚያንሸራትት በየስፍራው ድንጋይ ይደርደር። ቡና የሚለቀምበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ለማየት ከሁሉ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ግን ሥራ ስለሚበዛ ለቃሚውን እንዳያስፈቱት መጠንቀቅ ነው። የካቲትና መጋቢት ዝናብ ሲጀምር ቡናው ያብባል፤ ሽታውም ሩቅ ይሄዳል፤ እንግዳ ያለ ሥራ መፍታት የሚያየው ይህን ነው።

የተቀደሰውን ደንና ትክል ድንጋዩን በሚመለከት ግን ቃሉ የሽማግሎች ነው። በወናጎ አጠገብ ባለው በቱቱ ፌላና በጨልባ ቱቲቲ ያሉት ድንጋዮች እጅግ ብዙ ናቸው፤ በጨልባ ቱቲቲ ብቻ ከሺህ ይበልጣሉ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2021 የታተመው የአሸናፊ ዜናና የባልደረቦቻቸው ምርምር፥ ሳካሮ ሶዶ የተባለው የትክል ድንጋይ ስፍራ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ውስጥ የቆመ መሆኑን አስረድቷል፤ ይህም አስቀድሞ ይታሰብ ከነበረው አንድ ሺህ ዓመት ያህል የቀደመ ነው። እነዚህን ድንጋዮች ማን እንዳቆማቸው ልጆች በትምህርት ቤት ሊጠይቁ ይገባል። እንግዳ ግን በላያቸው ተቀምጦ ፎቶግራፍ እንዲነሣ አይፈቀድለትም። ወደ ደኑም ያለ ሽማግሌ ፈቃድ አይገባ፤ ሽማግሌው «ዛሬ አይሆንም» ቢል ምክንያቱን እንዲናገር አይገደድም። ደራሮ የተባለው የምስጋና በዓል በሚከበርበት ጊዜ እንግዳ ቢገኝ መልካም ነው፥ ነገር ግን ለእንግዳ ተብሎ በሌላ ቀን አይደገምለት። ገንዘብ ተከፍሎበት የተደገመ ምስጋና የጨዋታ ማሳያ ይሆናል።

አሁን የመምህሩ ድርሻ ይነገር። በመንደር ያለ መምህር ጽሕፈትና ሒሳብ ስለሚያውቅ ሁሉን ነገር እንዲይዝ ይጠይቁታል፤ ይህ ግን ክፍሉን እንዳያስፈታው ይጠንቀቅ። ልጆችን ከትምህርት ሰዓት አውጥቶ በእንግዳ ፊት ማዘፈን፥ ብዕርና ከረሜላ እንዲለምኑ ማስለመድ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ በየጎብኚ ስፍራው የታየውም ጉዳት ይኸው ነው። ይልቅስ መምህሩ ለልጆቹ ሌላ ሥራ ይስጣቸው። በጌዴኦ ጓሮ ውስጥ ያለው እንሰት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ብዙ ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱም ስም አለው። አንዱ ለቆጮ፥ አንዱ ለቡላ፥ አንዱ ለቃጫ ይመረጣል፤ አንዱ አምቾው ተቀቅሎ ይበላል፤ አንዱም አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይሰጣል። እነዚህን የሚለዩት በቅጠሉ መልክና በመካከለኛው ጅማት ቀለም ነው፤ ይህንንም የሚያውቁት አሮጊቶቹ ናቸው። ተማሪው ወደ አያቱ ሄዶ የእያንዳንዱን ስም በጌዴኦኛ ይጻፍ፥ ከጎኑም በአማርኛ ትርጉሙን፥ ጥቅሙንም ይጻፍ። በዲላ ዩኒቨርስቲ የተክሎች መጠበቂያና የጉብኝት አትክልት ስፍራ ስላለ፥ መምህሩ የተጠራጠረውን እዚያ ሄዶ ለመጠየቅ ይችላል። ይህ መዝገብ ሲሞላ አስጎብኚ ሆኖ የሚቆም ወጣት የሚናገረው ያገኛል፤ እንግዳው ባይመጣም መዝገቡ አይጎዳም።

ስለ ስምም አንድ ቃል መናገር ይገባል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የይርጋ ጨፌን፥ የሲዳሞንና የሐረርን የቡና ስም በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነሥቶ፥ ከአንድ ታላቅ የአሜሪካ ቡና ሻጭ ጋራ ከተከራከረ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የአገር ስም ንብረት እንደ ሆነ ብዙ ሰው ተረድቶታል። የሬኮም ስም እንዲሁ ነው። ማንም ነጋዴ ወይም አስጎብኚ «የሬኮ ጉብኝት» ብሎ ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት መንደሩ በወረዳው ዘንድ ማኅበር አቋቁሞ ስሙን ቢያስጽፍ፥ በኋላ ከመካሰስ ይድናል።

ጫትና ባሕር ዛፍ ፈጥነው ገንዘብ ስለሚያመጡ በየቦታው ወደ ጓሮው እየገቡ ነው፤ እንሰት የሚነቅለውም ወጣት ዐይኑ ያየው ገንዘብ ስለ ሆነ ሊወቀስ አይገባውም። ሰባት ዓመት የሚጠብቅ ተክል ላይ ጥቂት ገንዘብ በየወሩ ቢገኝበት ግን መንቀያውን ሁለት ጊዜ ያስብ ይሆናል። ሬኮ እንግዳ ብትቀበል የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ምናልባት ይህ ነው፤ ብርም ከዚህ በኋላ የሚቆጠር ነው።

መጀመሪያው ቀላል ነው። ሽማግሎች በሶንጎ ተቀምጠው ሦስት ወይም አራት ፈቃደኛ ቤት ይምረጡ፤ መምህሩ ስማቸውን ይጻፍ፤ ትምህርት ቤቱም በግቢው ጥግ የእንሰት ቡቃያ፥ ከጎኑም ቡናና የጥላ ዛፍ ይትከል። ተማሪዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቡቃያ ይያዙ፥ ስማቸውም በእንጨት ላይ ይጻፍ። በአንደኛ ክፍል ያለ ልጅ በዚህ ዓመት የተከለው እንሰት፥ እርሱ ስድስተኛ ክፍል በደረሰ ጊዜ ይፋቃል፤ እናቱም መጥታ ትፍቀዋለች፤ ያን ቀን እንግዳ ካለ አብሮ ይበላል፥ ከሌለም ልጆቹ ይበሉታል።